እስክደርስ አታጥፊው

ሰኞ

ዛሬም አልተነሳም። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ምንም። ቅዳሜ መብራት ሄዶ ሲመጣ የጤና ጣቢያችን አልትራሳውንድ ፕሮግራሙ ተበላሸበት። የጣቢያው የኮምፒውተር ሠራተኛ እኔ ነኝ፤ የፕሮግራሙ ቅጂ ላፕቶፔ ላይ አለ። ማስነሻ ፍላሽ መሥራት፣ ማሽኑን ከፍላሹ ማስነሳት፣ እንደ አዲስ መጫን። ለወሬ ቀላል ነው።

ሲስተር ሙሉ፣ አዋላጃችን፣ በሩ ላይ ቆማ "ትርሴ፣ ተስፋ አለው?" አለችኝ። አለው አልኳት። ምን ልበላት?

ያስጨነቀቻት ዘይነባ ናት። ዘጠነኛ ወሯ ገብቷል፤ ሳያማት ደም ታያለች። ሲስተር እንግዴ ልጁ ከሕፃኑ ቀድሞ መውጫውን ሳይዘጋ አልቀረም ትላለች። እንደዚያ ከሆነ ወልድያ ሆስፒታል ሄዳ በኦፕራሲዮን መውለድ አለባት፤ ምጡ እዚህ ከያዛት ሁለቱንም ልናጣቸው እንችላለን። ዘይነባ ግን መኪና ላይ አልወጣም ብላለች። ያለፈውን ልጇን ያጣችው ወደዚያው ስትላክ፣ መንገድ ላይ ነው። "በግምት አልሄድም። አይታችሁ ካሳያችሁኝ እሄዳለሁ" ብላ የእናቶች ማቆያው ውስጥ ተቀምጣለች።

ማክሰኞ

ከአስፋልቱ ዳር ካለው ሱቅ ፍላሽ ገዛሁ። ሠላሳ ሁለት ጊጋ ይላል። ፕሮግራሙን ጻፍኩበት፤ ላፕቶፑ ተጠናቋል አለኝ። ማሽኑ ላይ ሰካሁት፤ ተነሳ! የመጫኛው አረንጓዴ መስመር እየሞላ ሄደ። ሲስተርን ጠራኋት። እልል ልትል አፏን ስትከፍት መስመሩ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ደገምኩት። እዚያው ላይ ቆመ። የቢሮውን ፍላሽ ሞከርኩ፤ እሱም ያው። የተገዛው ከዚያው ሱቅ ነው ለካ።

በቀትር ሙቀቱ ያፈዝዛል። ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ ከከተማው በታች ያለው ሜዳ ሁሉ፣ የማሽላው ማሳ ሳይቀር፣ ግራጫ ውኃ ሆኗል። አንድ ትንሽ ሰው ውስጡ ይሄዳል፤ አይቸኩልም። ልጠራው ስል ስሙን አላውቀውም። ስነቃ ጉንጬ ላይ የኪቦርዱ ቁልፎች ታትመዋል። እናቴ "ይቺ ልጅ ቆማ ነው የምትተኛ" ትል የነበረው እውነቷን ነው።

ረቡዕ

በሚኒባስ ሮቢት ሄጄ ሌላ ፍላሽ ገዛሁ። ሌላ ቀለም፣ ሌላ ስም፣ ያው መሃል ላይ መቆም። በንዴት ልወረውረው ነበር። አዲስ አበባ ያለ አብሮኝ የተማረ ባለሙያ ጋ ደወልኩ። ሳልጨርስለት ሳቀ። "ፍላሾችሽ የውሸት ናቸው። ሠላሳ ሁለት ነኝ ይላል እንጂ የሚይዘው ትንሽ ነው፤ የተረፈውን የያዘ መስሎ ይውጠዋል። ዘፈን ጫኚበትና አዳምጪ።" ጫንኩ። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኑ፤ የቀሩት ድዳ ናቸው። እኔ እኮ ማሽኑን ስሰድበው ነበር!

"የድሮ ፍላሽ ፈልጊ፤ የድሮዎቹ እውነተኛ ናቸው" አለኝ።

ወደ ማቆያው ጎራ አልኩ። ዘይነባ በጎኗ ተኝታ መስኮቱን ታያለች። ጠዋት እንደገና ደም ታይቷታል።

"አንቺ ልጅ፣ ማሽኑ ምን ሆነ አሉ?"

"ሥራውን ረሳ።"

"አብሽሪ፣ ያስታውሳል ኢንሻአላህ።"

አጽናኚዋ እሷ ሆነች። ወጥቼ ከዛፉ ሥር ትንሽ ቆምኩ። ፈርቻለሁ።

ሐሙስ

ጠዋት የተሳፈርኩበት ባጃጅ መንዙማ ከፍቷል። ዓይኔን ጨፍኜ ሳዳምጥ ድንገት ባነንኩ። ቴፑ ላይ ቀለሙ የለቀቀ ፍላሽ ተሰክቷል። ሹፌሩን፣ ሰይድን፣ ስንት ጊዜው ነው አልኩት።

"ኧረ የጥንት ነው። ምነው?"

"አውሰኝ።"

"መንዙማዬን ልታጠፊ?"

መጀመሪያ ላፕቶፔ ላይ እንደምገለብጥለት፣ የምጠግንበትም የነፍሰ ጡር መመርመሪያ ማሽን መሆኑን ነገርኩት። "ወላሂ፣ ይሄን አስቀድመሽ አትናገሪም!" ብሎ ነቀለው። እስከ ጤና ጣቢያው ያለ መንዙማ ነዳ።

ገለበጥኩ፣ ፎርማት አደረግሁ፣ ጻፍኩ፣ ሰካሁ። ዛሬ ማንንም አልጠራሁም። መስመሩ መሃል ደረሰ። አለፈ! አልፎ ሞላ፣ ስክሪኑም በራ። ያኔ ሲስተርን ልጠራ ሮጥኩ።

ሲስተር ሙሉ ዘይነባን አስተኝታ አየቻት። የጠረጠረችው ሆነ፤ እንግዴ ልጁ ከታች መውጫው ላይ ተኝቷል። በጣቷ አሳየቻት። ዘይነባ ወደዚያ አላየችም። "ልጁስ?" አለች። ሲስተር መመርመሪያውን ወደ ላይ አንሸራተተች። ግራጫው ውስጥ ጭንቅላት፣ ከዚያ ወደ ፊቱ የተጠጋች እጅ። ሲስተር ምስሉን እዚያው ላይ አቆመችው። ያን ያህል ደክሜ ያስነሳሁት ማሽን ወደምትፈራው መንገድ ሊልካት ነው።

"መኪናውን ጥሩት" አለች ዘይነባ።

አምቡላንሱ ውስጥ ሆና እጄን ያዘችኝ። "እስክደርስ አታጥፊው።"

ምስሉ እንደ ፎቶ የቀረ ነገር እንጂ ልጁ እንዳልሆነ ልነግራት አሰብኩ። "እሺ" አልኳት።

ሐሙስ፣ ምሽት

ያቺ እጅ ስክሪኑ ላይ አለች። መብራት እንዳይሄድ ዱዓም ጸሎትም የማውቀውን ሁሉ ብያለሁ። መብራቱ እንዳይከብደው ማራገቢያውን አጥፍቻለሁ፤ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ባሏ አሊ ደወለ። "ደርሰናል፣ አስገቧት" ብቻ ብሎ ዘጋ።

እስክደርስ ነበር ያለችኝ። ደርሳለች። አላጠፋሁትም።

ዓርብ

ጠዋት አሊ ደወለ። ስልኩን ሕፃኑ አጠገብ ሳያደርገው አልቀረም፤ ልቅሶ ሰማሁ፣ ቀጭን፣ ቁጡ። "ሴት ናት። እናትየውም ደህና፣ አልሃምዱሊላህ።" ሲስተር ሙሉ ስነግራት ከኮሪደሩ ማዶ እልልታውን አቀለጠችው። እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ማሽኑን በሥርዓቱ አጠፋሁት። ወዲያው ፍርሃት ያዘኝና መልሼ አበራሁት።

ተነሳ። በሩን ከፍቼ ተራ የምትጠብቀውን ሴት ግቢ አልኳት።