ስድስት ብርጭቆ ወተት

ኅዳር 12 ቀን 2001

ሽታዬ ማክሰኝት ወንድሟ ዘንድ ከሄደች ሁለት ሳምንት ሊሞላት ነው። የጤፍ አጨዳ ላግዝ ብላ... በስተርጅና! ቤቱ ጭር አለብኝ። የሚሰድበኝ ሚስት አጣሁ።

አምሳል የልጄ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ታጠናለች፤ ከእኛው ጋር ነው የምትኖረው። ዛሬ ደብተሯን ሰርቄ አየሁ። ክብ ራስና ሁለት ጭራ ያለው ነገር በሁለት ረድፍ ደርድራለች።

«ይሄ የምን ጠልሰም ነው? ደብተራ ልትሆኚ ነው?»

«የሴል ቆዳ ነው አባባ። መልስልኝ!»

«የእንቁራሪት ልጆች ተሰልፈው ነው የሚመስሉት።»

ሳቀች። ነገ ፈተና አለባት። እኔ ምን አለብኝ? የጨጓራ ክኒኔን ውጦ ፒያሳ ወርዶ ሰው መተንኮስ።

ኅዳር 19

ሽታዬ መጣች። ወንድሟ ምንይችል ከባጃጅ ደግፎ አወረዳት። ወባ። እዚያው ጤና ጣቢያ ደሟን አይተው ሃያ አራት ፍሬ ክኒን ሰጥተዋታል። አራት አራት እያደረገች፣ ጠዋትና ማታ፣ ስድስት ጊዜ። «በወተት ወይ ቅባት ባለው ምግብ» ብለው አስጠንቅቀዋል። ምንይችል ሁለቴ ደጋገመልን።

አምሳል ወዲያው ወተት ገዝታ አፈላች። ሽታዬ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«የነቢያት ጾም ገብቷል። አልገድፍም።»

«ታመሻል እኮ።»

«ለዚህ ቤት አንድ ገዳፊ ይበቃዋል። አንተ በጨጓራህ እያሳበብክ ስንት ዓመትህ?»

አምሳል ብርጭቆውን ራስጌዋ አስቀመጠች። «አባባ፣ ስትጠጣ እያት፤ አደራ» ብላ ወደ ጥናቷ ሄደች። ሽታዬ ክኒኑን በጠበል ዋጠች። ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋችው።

«ጠጣልኝ።»

ምን ላድርግ... ጠጣሁላት።

ኅዳር 20

ጠዋትም እንዲያው። ጢሜን ስጠርግ አምሳል ከች አለች።

«ጨረሰችው?»

«ልሳ ነው የጨረሰችው! ብርጭቆውን ልትበላው ነበር፣ እኔ ነኝ ያስጣልኳት።»

ሽታዬ በጋቢ ተሸፋፍናለች። ስትስቅ ጋቢው ይርገፈገፋል። በዚህ ትኩሳት! አርባ ስድስት ዓመት ስንጣላ ኖረን፣ ተባብረን ሰው ስናታልል ይሄ የመጀመሪያችን ሳይሆን አይቀርም። ደስ አለኝ፤ ምን ይደበቃል።

ከቀጭን አጥሚት በቀር እህል አልቀመሰችም።

ኅዳር 22

ስድስተኛው ብርጭቆ። ትኩሳቷ ለቋል። እኔ ወፍሬያለሁ።

«አየህ? ያለ ወተትህ ዳንኩ» አለችኝ።

ኅዳር 30

ሽታዬ ቤተ ክርስቲያን ስማ መጣች። ሁለት ጊዜ ሰደበችኝ። ሸጋ ቀን።

ታኅሣሥ 5

ይሄን ባልሰማሁ ምን ነበረበት?

አምሳል ፈተናውን አልፋ ደስ ብሏታል። ያንን የእንቁራሪት ሰልፍ አምጥታ ታስረዳኝ ጀመር።

«አባባ፣ ቆዳ ነጋዴ አልነበርክ? ቅቤ የጠጣ ቆዳ ላይ ውሃ ብታንጠባጥብ?»

«ተንከባሎ ይወርዳል።»

«ተጨማሪ ቅቤ ብትቀባውስ?»

«ይጠጣዋላ።»

«የሴል ቆዳም እንዲያ ነው፤ ራሱ ቅባት ነው። ቅባት የሚወድ ነገር ሰርጎ ያልፋል። ውሃ የሚወደው የራሱ በር ካልተከፈተለት ደጅ ይቀራል። የእማማ ክኒን ቅባት ወዳድ ነው፤ ግን በውሃ አይሟሟም። ሆድ ውስጥ አብሮት ቅባት ካልገባ እንደ አሸዋ ነው። የአንጀቱን ቆዳ ሳያልፍ እንደገባ ይወጣል።»

«ሁሉም?»

«ብዙው። ክኒኑ ውስጥ ሁለት መድኃኒት አለ። አንዱ ቶሎ ይሠራል፣ ትኩሳት ይለቃል፣ ሰው የዳነ ይመስለዋል። የቀረውን ወባ የሚጠርገው ሌላኛው ነው። እሱ ካልገባ ይመለሳል።»



«የግድ ወተት ነው? የኑግ ዘይትስ?»

«ቅባት ቅባት ነው አባባ። ምነው ጠየቅኸኝ?»

«እንዲሁ ነው።»

ኑግ እኮ ጾም አያስገድፍም። ጠርሙሱ ጓዳ ተቀምጧል። ሁለት ማንኪያ... ጾሟም ሳይነካ... 

ለአምሳል አልነገርኳትም። ሽታዬ እንደሁ ድናለች። ምን ብዬ ላውራው?

ታኅሣሥ 8

ሽታዬን አንቀጠቀጣት። «ብርድ ነው» አለች።

እኔም ብርድ ነው አልኩ። እያወቅሁ።

ታኅሣሥ 10

ሆስፒታል። ማንነታችንን ሳተች። እኔን «አባቴ» ትለኛለች። ወባው አንጎሏ ደርሷል አሉ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት።

«የመጀመሪያውን መድኃኒት በደንብ ወስደዋል?»

«በደንብ» አለች አምሳል። «ወተቱን በእጄ ነው ያፈላሁት። ስድስቱንም ብርጭቆ ጠጥታለች፤ አባባ ምስክር ነው።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«አዎ» አልኩ።

ታኅሣሥ 11

አምሳል ኮሪደር ላይ መጽሐፍ ትገልጣለች። ዓይኗ አብጧል። መድኃኒቱን የሚቋቋም ወባ ይሆን? ወተቱን አቅጥኜው ይሆን? ራሷን ስትከስ ሰማሁ። አልቻልኩም።

«ወተቱን የጠጣሁት እኔ ነኝ።»

ፈገግ አለች። ቀልድ መስሏት። እንዲህ ባለ ቀን እንኳ እቀልዳለሁ ብላ ታስባለች... ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ሲደርቅ አየሁ።

ሄዳ ለሐኪሟ ነገረች። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብትቆጣ በወደድኩ።

«አሁን በደም ሥር ነው የምንሰጣቸው፤ አንጀት አይጠብቅም» አለች።

«እንግዲያ ይገባል?» አልኳት አምሳልን።

«መግባቱን ይገባል» አለች፣ ሳታየኝ። «ሰዓቱ ነው ያለፈው።»

ታኅሣሥ 13

ጆሮዋ ሥር ተቀምጬ ነካካኋት። እናትሽ ናት ያበላሸችሽ፣ ወንድምሽ ስስታም ነው፣ ሰርጋችን ላይ ጭፈራ አትችይም ነበር... የምታውቀውን ስድብ ሁሉ። አንዱንም አልመለሰች።

ታኅሣሥ 14

ሽታዬ ዐረፈች።

ጥር 3

ለንስሐ አባቷ ነገርኳቸው። «ምነው አያ ሰጠኝ፣ ብትጠራኝ ኖሮ? ለታመመ እኮ ይፈታል» አሉ። ቤታቸው ከቤታችን ሁለት አጥር ነው የሚርቀው።

አምሳል ልብሷን ሸክፋ ዶርም ገባች።

«እኔ ነኝ የገደልኳት?» አልኳት በር ላይ።

«እንጃ አባባ። ብትጠጣውም ላትድን ትችል ነበር። እንጃ።»

እንጃ ያለችው አዝናልኝ ነው። ያዘነልኝ ሰው ግን አብሮኝ ማደር አልቻለም።

የካቲት 3

ነነዌ ከገባ ሁለተኛ ቀን። ጎረቤቴ ተክለ ጊዮርጊስ ከመተማ ወባ ይዞት መጣ። እሰማለሁ፣ ያንኑ ክኒን ነው የሰጡት። የኑግ ዘይቴን ጠርሙስ ይዤ ሮጥኩ። እንዴት እንደሮጥኩ... በዚህ ጉልበት።

ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ቤቱ ጠያቂ ሞልቶታል። ሰውዬው ደረቅ ዳቦ ይዞ ቁጭ ብሏል፤ ክኒኑ መዳፉ ላይ።

«ቆይ! በዘይት አርሰህ ብላና ዋጠው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«አያ ሰጠኝ! ደግሞ ጀመርክ?»

«እሰይ፣ ተጽናና ማለት ነው!»

«ባለፈው ቤት ለሞላ ሰው የፍየል ቀንድ ፈጭቶ ሊያስጠጣ አልነበር? እሱን እመኑ!»

እውነታቸውን ነው። ፈጭቼ ነበር። ስለ ሴል ቆዳ፣ ስለ አንጀት ነገርኳቸው። ባስረዳሁ ቁጥር ይብስ ሳቁ። አምሳል ብትኖር እሷን ይሰሟት ነበር። 

«ሽታዬን የገደልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። «ወተቷን ጠጥቼባት።»

ሳቁ ቆመ። ብርቄ፣ የሰውዬው ሚስት፣ ተነስታ ትከሻዬን ያዘችኝ። ጠርሙሱን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችና ከበሩ ኋላ አስቀመጠችው።

«ሐዘን ነው» አለቻቸው። «ተዉት፤ ሐዘን ያናግረዋል።»

ከንፈር መጠጡልኝ። ወንበር ለቀቁልኝ። ተክለ ጊዮርጊስ አማተበና አራቱንም በጠበል ዋጣቸው። ዓይኔ እያየ።