ጠባቂ የነበራት ሸርጣን

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፤ አንተም ልጆችህም እንደምን ከረማችሁ? እኔን ለክፉ የሚሰጥ ነገር አላገኘኝም።

ባሕር ሲሞቅ ሸርጣኖች እንዴት እንደሚኖሩ ለማየት፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ የገንዳቸውን ውሃ በሦስት ዲግሪ አሞቅነው። አበዱልህ! አንዷ ቅርፊቷን ጥላ ገላዋ ገና እንደ ሊጥ ነበር። አንድ ወንድ ሸርጣን ላይዋ ሆኖ ሌሎቹን ሲያባርርላት አይቼ፣ «ጠባቂ አላት» ብዬ ከእሱ ጋር ተውኳት። ጠዋት ስገባ፣ እሱው ራሱ እግሮቿን ገነጣጥሎ ሆዷን ይበላል። አለቃዬ «ምኑን አምነሽ ነው?» ብላ ጮኸችብኝ።

ባለቤቴ ደህና ነው። የመኝታ ቤቱን በር በእርግጫ ስለገነጠለው አናጺ እየፈለግን ነው።

ዛሬ ሌላዋ ቅርፊቷን መጣል ስትጀምር፣ ቶሎ ብዬ ለብቻዋ አወጣኋት።

ልጆቹን ሳምልኝ። የጓሯችሁ ክፍል አሁንም ከውስጥ ይቆለፋል? መልሱን ወደ ሥራ ቦታዬ ላክልኝ፤ ወደ ቤት እንዳትልከው።

እህትህ