ሳልጠይቅልህ የቀረሁት መድኃኒት

ሐደራ፣ ጊቫት ኦልጋ

ውድ ባለቤቴ አዳነ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ መጀመር አልችልም፤ ለሄደ ሰው የሚጻፍ ሰላምታ ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም። ስለዚህ እንደ ድሮው በስምህ ጠርቼህ ልቀጥል። ከተለየኸን ሦስት ዓመት አለፈ። መታሰቢያህን ባለፈው ሳምንት አድርገናል። ወንድሞችህ ከቤት ኤሊዔዘር ሰፈር መጡ፤ የቤተ እስራኤሉ ቄስም ጸለዩልህ። ሰው ሁሉ በልቶ፣ “አስታምመሽዋልና እግዜር ይባርክሽ” ብሎ መርቆኝ ሄደ። ምርቃቱን ቀና ብዬ መቀበል አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ ልነግርህ ነው የምጽፈው።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። በረንዳው ላይ ያለው ወንበርህ በባሕሩ ጨው ዝጎ አንድ እግሩ ተሰበረ፤ አልጣልኩትም፣ ግድግዳ አስደግፌዋለሁ። ከመንገዱ ማዶ የነበረው አሮጌ ብሎክ ፈርሶ ፎቅ እየተሠራ ስለሆነ፣ ከኩሽናው መስኮት ታየው የነበረው ባሕር ዛሬ የለም። የልጃችን የኦሪት ልጅ ሺራ ወታደርነቷን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ባዮሎጂ ታጠናለች። አማርኛዋ አልተሻሻለም፤ አንዱን ዐረፍተ ነገር በእኛ ጀምራ በዕብራይስጥ ትጨርሰዋለች። እኔ ደግሞ ታመምኩ። ያንተው በሽታ ነው።

ስኳሬ በኪኒን አልወርድ ስላለ ሐኪሟ ኢንሱሊን አዘዘችልኝ። ብዕር የሚመስለውን መርፌ ተቀብዬ መጣሁና ፍሪጁ በር ላይ፣ ከሎሚው አጠገብ አስቀመጥኩት። ስከፍት አየዋለሁ፤ መልሼ እዘጋለሁ። ሳምንታት እንዲሁ አለፉ። ላንተ የከለከልኩትን ለራሴ እንዴት ልውሰድ?

“ከለከልኩ” ማለቴን አንተ ብትሰማ አትቀበለኝም ነበር። ግን ታውቀኛለህ፣ ቃል የምመርጠው አስቤ ነው። በመምህርነት ልማዴ አነጋገርህን ሳርም መዳፍህን እንደ ተማሪ ዘርግተህ “ምቺኝ እንግዲህ፣ መምህርት” እያልክ ልጆቹን ታስቅ ነበር። እኔ ግን አልስቅም ነበር። አሁን ሳስበው፣ ምን ነበረበት ብስቅ?

ያን ቀን ከክሊኒኩ ስትመለስ የመድኃኒቱን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አኖርክና፣ “አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ይሄ ከምን ነው የሚሠራው?” ብለህ ጠየቅከኝ። እኔም ሳላመነታ መለስኩ። ጎንደር የሳይንስ መምህራችን በቃላችን ያስጠናን ነው፦ ኢንሱሊን ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ይወጣል። አንዲት ቃል ከሳትን መዳፋችንን በማስመሪያ ይመታን ስለነበር ዛሬም አልረሳሁትም። እንደዚያው፣ አንድም ቃል ሳላጎድል ነገርኩህ።

ሳጥኑን በጣትህ ገፋ አደረግከው። ለምን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። አያቶቻችን ክርስትና ስለተነሡ እኛ ይሁዲነታችንን ስናስረዳ ነው የኖርነው፤ ጎንደር ላይ ዓመታት ጠብቀን፣ እዚህም መጥተን እንደ አዲስ ተምረን ነው ይሁዲ ተብለን የተቆጠርነው። ከዚያ ወዲህ አንተ የብስኩት መጠቅለያ እንኳ በሕጋችን የተፈቀደ፣ ኮሸር የሚለውን ማኅተም ሳታይ አትከፍትም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አሳማ በሥጋው ውስጥ ሊያስገባ ነው? ለሐኪሙ ኪኒኑ ይበቃኛል አልከው። ለምን ብሎ ሲጠይቅህም ምክንያቱን አልነገርከውም። ይሁዲ ለሆነ ሰው አሳማ ያለበት ነገር አይታዘዝም፣ ያዘዘልኝ እንደ ይሁዲ ስላልቆጠረኝ ይሆናል ብለህ ተጠራጥረህ ነበር። ይህንን ለእኔ ብቻ ነው የነገርከኝ። ያኔ እንኳ አልነቃሁም።

መድኃኒት ቤቱ ያለው ከፎቃችን ሥር፣ አውቶቡሱ የሚቆምበት ጋ ነው። ወርጄ ልጠይቅልህ እችል ነበር። አልወረድኩም። በአማርኛ አንድ ፊደል የማልስት ሴት፣ በዕብራይስጥ እየተንተባተብኩ ሰው ፊት መቆም አልፈለግሁም። በኢንዱስትሪ ዞኑ ፋብሪካ ወለል ስወለውል በኖርኩባቸው ዓመታት አዎና አይደለም ከሚሉት ከ“ኬን” እና ከ“ሎ” በቀር ቃል ያልወጣኝ በዚሁ ኩራት ነው። ተማሪዎቼን “ከየት አገኘኸው? አጣርተሃል?” እያልኩ ሳስጨንቅ የኖርኩ ሰው፣ ባንተ ሕይወት ላይ አላጣራሁም።

ከዚያ እግርህ ቆሰለ፤ ኩላሊትህ ደከመ፤ የቀረውን ታውቀዋለህ። ሐኪሙ በሽታው ቀድሞ ሥር ሰዶ ነበር ብሏል፤ ሰውም በዚህ ሊያጽናናኝ ይሞክራል። መርፌውን ብትጀምር ምን ያህል ትቆይ እንደነበር አላውቅም። የማላውቀውን አልጽፍም። አለመጠየቄን ግን አውቃለሁ።

አንድ ቀን ሺራ ውኃ ልትጠጣ ፍሪጁን ስትከፍት ያልተነካውን መርፌ አየችው። ልቆጣት ፈለግሁ፤ ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። አጠገቤ ተቀምጣ አስረዳችኝ። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው አለች፤ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ሰውነት እንዲቀበለው የሚያዝዝ። በኪኒን መልክ ቢዋጥ ጨጓራ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል፤ በመርፌ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። በክር እንደተሰካ ዶቃ ነው የተሠራው፣ የአሳማውና የሰው የሚለዩትም በአንዲት ዶቃ ብቻ ነው። ድሮ የአሳማው ለሰው ይሠራ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። አስተማሪዬ አልዋሸም፤ ትምህርቱ ነው ያረጀው። ዛሬ የሰውን ኢንሱሊን የሚያሠራውን የዘር መመሪያ ወስደው ባክቴሪያ ወይም እርሾ ውስጥ ያስገቡታል፤ እነሱም በትልልቅ ጋን ውስጥ እየተባዙ ያመርቱታል።

“ሳፍታ” ብላ አያትነቴን በዕብራይስጥ ጠራችና፣ “እርሾ እኮ ነው” አለችኝ፤ “ለሻባት ዳቦ የሚያቦኩበት ዓይነት፣ ስታም፣ ተራ እርሾ።”

መቼ እንደተለወጠ ጠየቅኋት። እኛ እዚህ አገር ከመግባታችን በፊት ነው አለችኝ። ይህን ስሰማ ተነሥቼ በረንዳ ወጣሁ፤ ወንበርህን ይዤ ቆምኩ።

በማግሥቱ ሺራ አብሬዎት ልውረድ ስትለኝ እንቢ አልኩና ብቻዬን ወደ መድኃኒት ቤቱ ወረድኩ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር። መድኃኒት የምትሰጠው ሂጃብ ያደረገች ዐረብ ወጣት ናት። ሳጥኑን አሳይቼ፣ ዕብራይስጤ እየተሰባበረ፣ “ዜ ሜ ሐዚር?” ብዬ ከአሳማ መሆን አለመሆኑን ጠየቅሁ። ከሰልፉ የሚስቅ አልነበረም። ልጅቷ ሳጥኑን ተቀብላ ጽሑፉን አየችና “ሎ፣ ሎ” አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ፣ “እናቴም ይህንኑ ጠይቃኝ ነበር” አለችኝ።

በቃ፤ ይኸው ነበር። አውቶቡስ ከመጠበቅ ያነሰ ነው። ወደ ቤት ስመለስ ግን ደረጃው መሐል ላይ ተቀምጬ ስምህን ጠራሁ።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጠይቅህም። አንተ ምን እንደምትል ስለማውቅ፣ መልሱን በራሴ አፍ መስጠት ማጭበርበር ይሆናል።

ማምሻውን ከራት በፊት ጠረጴዛው ላይ፣ ያኔ ሳጥንህን ባኖርክበት ቦታ ተቀመጥኩ። ስኳር ለመለካት ጣት ይወጋ የለ? መዳፌን ዘረጋሁ። ዘርግቼ ሳየው ያንተን አዘረጋግ ነው የያዘው። ጣቴን ወጋሁ፤ ደሙን ለካሁ፤ ከዚያ ኢንሱሊኑን ሆዴ ላይ ወጋሁ።

ነገም እወጋለሁ፣ ከነገ ወዲያም። እያንዳንዱን ጊዜ መዳፌን ስዘረጋ አንተን አስባለሁ፤ የሚመታኝ ባይኖርም።

ባለቤትህ፣
አንጓች