ባዶ ተብሎ ስለተቆጠረው ባሕራችን

ለተከበሩ የፖልቬረን የባሕር ዳርቻዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ዛሬ ባሕር መግባት ይቻላል ወይስ አይቻልም? በከተማችን ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ የሚወጣ ሰው ሁሉ በየማለዳው ይህን ይጠይቃል። እርስዎ ግን ከነጭራሹ ጠያቂ እንዳይኖር መላ ስላገኙልን፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ቆዳዎም ከሽፍታ የተጠበቀ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ዘንድሮ በሰኔ በአካባቢ ሳይንስ ተመርቄ ስመለስ፣ የምረዳችሁ መስሎኝ አራት ደብዳቤ ጻፍኩላችሁ። አምስተኛውን በአደባባይ የምጽፈው አራቱ ጠረጴዛዎ ጋ ሳይደርሱ ደክሟቸው ይሆናል ብዬ ነው።

1. ዝናብ በጣለ ቁጥር የፍሳሽ ቱቦው ሞልቶ ወደ ባሕሩ ስለሚለቀቅ፣ «አይዋኙ» የሚል ሰሌዳ ስላቆማችሁልን እናመሰግናለን። የእንግዶችን ፎቶ እንዳያበላሽ ፊቱን ወደ ባሕሩ ማዞራችሁም አሳቢነታችሁን ያሳያል፤ ችግሩ፣ ለማንበብ መጀመሪያ መዋኘት ያስፈልጋል።

2. ውሃው አራት ዓመት በተከታታይ «ደካማ» የሚል ውጤት በማግኘቱ፣ ዳርቻችንን ከመዋኛ ስፍራዎች መዝገብ ልትሰርዙት አስባችኋል። ከተሰረዘ ውሃውን የሚመረምረው የለም፤ ያልተመረመረ ውሃ ደግሞ ፈተና አይወድቅም። ሦስት ዓመት ስማር እንዲህ ያለ የማጣሪያ ዘዴ አላስተማሩኝም።

3. ለመሰረዝ «የሚዋኝ ሰው የለም» የሚል ማስረጃ ስለሚያስፈልግ፣ በነሐሴ ለሦስት ቀን ዋናተኞችን የሚቆጥር ሠራተኛ ላካችሁ። ሦስቱም ቀን የዝናብ ማግስት ስለነበር ሰሌዳችሁ ቆሞ ነበር። ምን እንደሚል በቃላችን ስለምናውቀው ታዘዝን፤ ማንም አልገባም።

ወይዘሮ ሜርል ትሬጊር ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እኔን ጨምሮ የከተማውን ግማሽ ልጅ በዚያ ውሃ ዋና አስተምረዋል። የዳሌ ቀዶ ጥገና ካደረጉ ወዲህ ሳያማቸው የሚንቀሳቀሱት ባሕር ውስጥ ብቻ ነው። ሦስቱንም ቀን የዋና ልብሳቸውን ከካፖርታቸው ሥር ለብሰው፣ ግንቡ ላይ ተቀምጠው ውሃው እስኪጠራ ጠበቁ። ቆጣሪው ለመዋኘት መጥተው እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እዚህ አርባ ዓመት ዋኝቻለሁ። አሁን የተቀመጥኩት አትግቡ ስላላችሁኝ ነው፤ ይህንንም ጻፈው» አሉት። እሱም በትሕትና ጻፈ፦ ዋናተኛ፣ ዜሮ።

ሜርል ይህን ሲነግሩኝ አልተቆጡም። «ሎዌና፣ መታዘዜ ነው የጎዳኝ» ብቻ አሉኝ።

4. አራተኛም ነበረኝ፤ ደከመኝ።

ውሳኔው የሚሰጠው በወሩ መጨረሻ ነው። ወጣት ስለሆንኩ ይሆናል፣ እኔ አሁንም ተስፋ አልቆረጥኩም። ቱቦው እስኪጠገን ከመዝገቡ አትሰርዙን፤ ቆጠራውም ይደገም። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አሸዋው ላይ እንሰበሰባለን። ውሃው ከፈቀደ እንዋኛለን፤ ካልፈቀደም የዋና ልብሳችንን ለብሰን ለመቆጠር እንቆማለን። ይህን የምታነቡ የከተማችን ሰዎች ፎጣችሁን ይዛችሁ ኑ። ክቡርነትዎም ይምጡ፤ ካልተመቸዎት ቆጣሪዎን ይላኩ። መልስዎን እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ።

ከዝምታዎ ብዙ የተማርኩ፣ ከቱቦው በስተቀኝ ካለው አሸዋ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ሎዌና ትሬማይን

ተጨማሪ፦ በሦስተኛው ቀን ቆጣሪዎ ፀሐይ ሲበረታበት ጫማውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ገብቶ እንደነበር ሜርል አይተዋል። ስለዚህ ዜሮው «አንድ» ተብሎ ይታረምልን። በማግስቱ ታሞ ቢሮ እንዳልገባም ሰምተናል፤ ምን እንደያዘው ቢያሳውቁን፣ የዘንድሮው የውሃ ምርመራ ውጤት ነው ብለን እንቀበለዋለን።