በጋራችን የተያዙት በሬዎች

ልጄ ይመር፣ አላህ ከሩሲያ ብርድ ይሸሽግህ፣ ከክፉ ዓይን ይጋርድህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ አባትህንም ሳሉ ለቆታል። እኔን ግን እዚህ ያሉት ሹሞች ጨጓራዬን አቃጥለውኛል።

ከድርቁ በኋላ ውኃ በጀርባችን እያመላለስን ችግኝ የተከልንበትን ጋራ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «የመንግሥት ደን ነው» ብሎ ዘጋብን። ለቤት ክዳን የሚሆን ሣር ላጭድ ብገባ ዘበኛው ማጭዴን ነጠቀኝ። ደኑ ይዳን ብዬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ለካ ሊቀመንበሩ የራሱን በሬዎች እዚያው ያሰማራል!

ደንባችንን ታውቀዋለህ። በተከለለ ሣር የተገኘ ከብት፣ የማንም ይሁን የማን፣ ባለቤቱ ሁለተኛ አላስገባም ብሎ በሽማግሌ ፊት እስኪምል ዋርካው ሥር ይታሰራል። ሐሙስ ዕለት እኔና ጎረቤታችን አስረሳሽ ሴቶቹን ይዘን ገባን፤ ሁለቱን በሬዎች እየነዳን አምጥተን አሰርናቸው። አባትህ «ፍቺያቸው፣ ያሳስርሻል» እያለ ይለምነኛል። ያሳስረኝ! ሳይምል፣ ጋራውንም ሳይከፍትልን አልፈታም። ይህን ደብዳቤ ከፍተው የሚያነቡም ካሉ ያንብቡት።

አላህ ትምህርትህን ይባርክልህ፣ በሰላም ለአገርህ ያብቃህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ የደን ትምህርትህን ጨርሰህ ስትመጣ፣ ማጭዴን ከሚነጥቁኝ ጋር ቆመህ እንዳላይህ።

እናትህ ኡሙልኸይር