ከበቅሎ ለቅሶ ላይ ስለ መባረሬ

ለተከበራችሁ የ«ሰባት ምሽግ» የኢንተርኔት ጨዋታ የአጭበርባሪዎች መቆጣጠሪያ ክፍል፣
ባላችሁበት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤንነታችሁን እጠይቃለሁ። እኔ ከደብረ ብርሃን ብርድ በስተቀር ደኅና ነኝ። እናንተም ሰው ሳታዩና ሰው ሳትሰሙ በሰው ላይ ለመፍረድ የሚያበቃችሁ ጤና እንዳይጓደልባችሁ እመኛለሁ።

ተስፋሚካኤል እባላለሁ፤ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። በጨዋታችሁ ውስጥ ከአንኮበር፣ ከእነዋሪና ከደብረ ሲና የተሰባሰብን ተጫዋቾች ያቋቋምነው ቡድን መሪ ነበርኩ። ነበርኩ የምለው ባለፈው ቅዳሜ አካውንቴን ስለ ዘጋችሁት ነው። ይግባኝ ብዬ ስጽፍላችሁ «ጉዳይዎን በጥልቀት መርምረን ውሳኔው ትክክል ሆኖ አግኝተነዋል» የሚለው መልሳችሁ የደረሰኝ ጣቴን ከኪቦርዱ ሳላነሣ ነው። እንዲህ ባለ ፍጥነት እንዲህ ያለ ጥልቀት ላይ የደረሰ የእኛ አገር ጉድጓድ ቆፋሪ እስካሁን አላየሁምና ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ቅሬታዎቼን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ጥፋቴ «በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መጫወት» መሆኑን ገልጻችሁልኛል። አልክድም። ላፕቶፔ ላይ የደንበኞች ሥራ ስላለ ጨዋታው ከእሱ ጋር እንዳይነካካ ብዬ፣ ኮምፒውተሬ ውስጥ በፕሮግራም የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር አቁሜ እዚያ እጫወታለሁ። እናንተ ግን ትክክለኛ ኮምፒውተር አይደለም፣ የአጭበርባሪ መደበቂያ ነው አላችሁ። የማከብራችሁ ሆይ፣ እኔ ራሴ የምኖረው አከራዬ እትዬ ደመቀች ሳሎናቸውን በኮምፖርሳቶ ከፍለው በሰጡኝ ክፍል ነው። ቤት ውስጥ ያለ ቤት መሆኑ ነው። እሳቸው ግን አንድም ቀን ትክክለኛ ተከራይ አይደለህም ብለውኝ አያውቁም።

2. ይበልጥ ያንገበገበኝ የዘጋችሁበት ሰዓት ነው። ወገኔ የሚባለው የቡድናችን አባል ጨዋታው ውስጥ ከውርንጭላነቷ ጀምሮ ያሳደጋት በቅሎ ገደል ገብታ ሞተችበት። እኛም ወጉ ነውና እዚያው ጨዋታው ውስጥ፣ ምሽጉ በር ላይ ድንኳን ተክለን ለቅሶ ተቀመጥን። መቆጣጠሪያችሁ ግን እነዚህ ሁሉ ተጫዋቾች ሳይዋጉና ሳይንቀሳቀሱ አንድ ቦታ የተሰበሰቡት ሮቦት ቢሆኑ ነው ብሎ ጠረጠረን፤ ማጣራት ሲጀምርም የእኔን ቨርቹዋል ማሽን አገኘ። ለመሆኑ ለቀስተኛ በጎራዴ እንዲሞሻለቅ ትጠብቁ ኖሯል? በእናንተ ዘንድ ለቅሶ እንዴት እንደሚደረስ ባላውቅም፣ በእኛ ዘንድ ዝም ብሎ መቀመጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

3. «እግዜር ያጽናህ» የሚለውን ለወገኔ እየጻፍኩ ገና «እግዜር» ላይ ስደርስ ከድንኳኑ ተነቅዬ ጠፋሁ። ሐዘንተኛን ሳያጽናኑ ብድግ ብሎ መሄድ በእኛ አገር ትልቅ ነውር ነው፤ ያውም መሪ ሆኖ። ወገኔ ደግሞ የፋና ታላቅ ወንድም ነው። ፋና ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልኬ ላገባት ያሰብኳት ልጅ ናት፤ አባታቸው ስላረፉ ሽማግሌዎቹን የሚቀበለው እሱ ነው። ደብረ ሲና ድረስ ወርጄ ብለምነው «በቅሎዬን በለቅሶዋ ቀን ጥሎ የሄደ እኅቴንም ጥሎ ይሄዳል» አለኝ። ስለ ቨርቹዋል ማሽኑ ላስረዳው ብሞክር ደግሞ «ሰው ሲዋሽ እንኳ ለሰው በሚገባ ነገር ይዋሻል» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ፋና መጀመሪያ ሳቀች፤ ወንድሟ የምሩን መሆኑን ስታውቅ ግን አለቀሰች። እኔ እስካሁን መሳቅ አልቻልኩም፤ እወዳታለሁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ አካውንቴን እንድትከፍቱልኝ ብቻ አይደለም። ከክፍላችሁ አንድ ተወካይ ደብረ ሲና ድረስ መጥቶ «ተስፋሚካኤል ከለቅሶው ወዶ አልወጣም፤ ጎትተን ያወጣነው እኛ ነን» ብሎ በወገኔ ፊት እንዲመሰክርልኝ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ከባድ ስለሆነ ወፍራም ጃኬት ይልበስ። ትክክለኛ ሰው ስለ መሆኑ ማስረጃ አልጠይቀውም፤ እኛ እንግዳ አናሳፍርም።

ለማያንቀላፋው ንቁ ዓይናችሁ ያለኝን አድናቆት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ በአንደኛው ኮምፒውተር ተጫውቼ ከሁለቱም የተባረርኩት፣ ሚስት ከማግኘቴ በፊት አማች ያጣሁት፣ ምንጊዜም አክባሪያችሁ፣

ተስፋሚካኤል ወልደተንሣኤ
ከደብረ ብርሃን

ደብዳቤውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የሰማሁት፦ ያን ዕለት ከለቅሶው ሳይነቃነቅ እስከ መጨረሻው የቆየ አንድ እንግዳ ነበር አሉ። ስሙ ቁጥር ብቻ ነው። ምሽጉ በር ላይ ቀን ከሌት ተገትሮ በየደቂቃው «ወርቅ አለኝ» እያለ የሚጽፈው፣ የጨዋታውን ወርቅ ለመቸርቸር የተሠራው ሮቦት ነው፤ ድንኳኑን የተከልነው እሱ በቆመበት ስለሆነ ለቀስተኛ ሆኖ ዋለ። እሱን እናንተ አልዘጋችሁትም። ወገኔም «ጨዋ ነው፣ ሐዘን ያከብራል፣ ወርቅም አለው» ብሎ፣ ለፋና ይሆናት እንደሆነ የማን ልጅ መሆኑን እያጠያየቀ ነው።