አንድ አንሶላ ነው ያልኩት

ጥር 6

ዛሬ ማጠቢያ ቤት ሰማንያ የሆቴል አንሶላ ገባ። አንዱ ማሽን ተበላሽቷል፤ ግማሹን በእጅ። መተኮሻው ጋ ስደርስ ዓይኔ ጭልም አለብኝ። ቁጭ ብዬ ለአንሶላው ማጠንከሪያ ከምናደርገው ስታርች ትንሽ ቃምኩ፣ አለፈልኝ። ምን ዓይነት አመል ነው? የሥራ ጓደኛዬ አየችኝና፣ አንቺስ ከውስጥም ሳትጨማደጂ ልትቀሪ ነው አለችኝ። ሳቅን።

ምራቴ ዛሬ ነገ ትወልዳለች። ልጄ መኪናውን ይዞ ሩቅ መንገድ ወጥቷል።

ጥር 9

ወንድ! ጤና ጣቢያ ወልዳ በዚያው ቀን ቤት ገባች። የአባቱ ጆሮ... ቁርጥ።

ጥር 10

ጠዋት ብገባ አልጋው ደም በደም። አራት አንሶላ፣ ፍራሹም ጭምር። "እማዬ ይቅርታ" ትለኛለች። በቀዝቃዛ ውሃና በጨው አለቀለቅኩት። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ነው፣ ጥላው እንኳ አልቀረም። እሷን ማየቱን ትቼ አንሶላውን ሳይ ዋልኩ።

ጥር 13

ነርሷ ልትጎበኘን መጣች። ጥሩ ልጅ ናት። ከወለደች በኋላ ምን ያህል ደም ፈሰሳት አለች። ምራቴ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

"ኧረ ብዙም አይደል፣ አንድ አንሶላ ነው የነካው።"

ለምን አልኩ? የቤት ገመና ለእንግዳ አይዘረገፍም ብዬ ነው... ደግሞ ቤታቸው ቆሻሻ ነው እንዳትለኝ። አልጋውን አየች፣ በረዶ መስሏል። ጽፋ ሄደች። ምራቴ ቀና ብላ አየችኝ።

ጥር 19

ትተኛለች፣ ትተኛለች። ሕፃኑን ለማጠብ ስትቆም ግድግዳ ትይዛለች። ልጄ ገባ፣ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ "እመቤቲቱ እስካሁን አልተነሡም?" አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ሰማችን። ስሟ ሆኖ ቀረ።

ልቤ ይመታብኛል ስትለኝ "የማይመታበት ሬሳ ብቻ ነው" አልኳት። ጨዋታዬ ነበር። እኔ አራት ወልጄ ሁሌም በሳምንቴ ማጠቢያ ቤት ተመልሻለሁ። ማን ልብሽ እንዴት ነው አለኝ?

ጥር 23

ከንፈሯ ነጣ። አልጋ ሰውን ያሰንፋል፣ ተነሺና የልጅሽን ጨርቅ እጠቢ አልኳት። እሺ አለች። መቼም እሺ ማለት አይከብዳትም። ሁለተኛውን ባልዲ ስታነሣ ወደቀች።

ጥር 24

ሆስፒታል። ሐኪሙ የዓይኗን ቆብ ገልብጦ አየ። ደም ማነስ ነው፣ ልቧ ባዶ ነገር ሲገፋ ነው የከረመው አለን። ስትወልድ ብዙ ፈስሷት ነበር? ሲለኝ አራት አንሶላ አልኩ። የነርሷን ወረቀት አገላበጠ።

"እዚህ አንድ ነው የሚለው።"

ወለሉን አየሁ።

ደም የለንም፣ ዘመድ ይስጥ አሉ። ልጄ መኪናዋን ጥሩ ቦታ ላቁማት ብሎ ወጣ። በዚያው ቀረ። ስልኩም ዝግ። እጄን ዘረጋሁ። ደም የምትቀዳዋ ልጅ ጣቴን ወግታ አየች፣ ደግማ ወጋች።

"እማማ፣ እርስዎ መስጠት አይችሉም። የራስዎ በጣም አንሷል። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚደክምዎት?"

ከመቼ? ከመጀመሪያ ልጄ ጀምሮ... ሃያ ስምንት ዓመት። ሴትነት እንዲህ ነው ብዬ ነዋ። አፈር፣ ኖራ፣ ስታርች ያምርዎታል? ደም ሲያንስ እንዲህ ያምራል አለችኝ ደግሞ። ኪኒን አስጻፈችልኝ።

ምራቴን የለካኋት በራሴ ነበር። መለኪያው ራሱ በሽተኛ።

ጥር 25

ልጄ ረፋዱ ላይ ተመለሰ። ጠጥቶ ስለነበር ደሙን አንቀበልም አሉት። ደግነቱ ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው መጥቶ ሰጠ፣ ምኗም ሳይሆን። ከረጢቱን ሰቅለው ገና ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ምራቴ ዓይኗን ገለጠች።

"እማዬ... ትንሽ ልተኛ?"

ፈቃድ መጠየቋ ነው። ተኚ ልጄ አልኳት።

ከረጢቱ ግማሽ አልደረሰም።

የካቲት 3

መጻፍ አቃተኝ።

መጋቢት 2

ኪኒኑን መዋጥ ከጀመርኩ ይኸው ወር አለፈኝ። ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ሠራሁ፣ ዓይኔ አንድ ጊዜ አልጨለመም። የሥራ ጓደኛዬ ትክ ብላ አየችኝና "አንቺ፣ ሐዘን እንዲህ ያወዛል እንዴ?" አለች። ሌሎቹ አቀርቅረው ሳቁ።

ቤት ስገባ ልጄ ራቱን እየበላ ነው። ሕፃኑ እናት ያስፈልገዋል፣ ፈልጊልኝ አለ። "የአሁኗ ግን ጠንካራ ትሁን።" ቀና አላለም።

ሕፃኑ ሲያለቅስ አነሣሁት። ጡጦውን ሰጥቼ፣ አቅፌው ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ ስመላለስ አመሸሁ። ከብዷል፣ ደግነቱ። እጄ አልዛለም። ልቤም አልመታብኝም። አንድ ጊዜ እንኳ መቀመጥ አላማረኝም።

ለካ ሰው እንዲህ ነው የሚኖረው።